ጀርባው ለተጣመመ ልጅ የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ፦ እንዴት እንደሚሠራ

የእህቴን ልጅ ጀርባ ከሁላችን ቀድሞ ያየው ልብስ ሰፊ ነው። ደሴ ፒያሳ ለበዓል ቀሚስ ሲለካት ጫፉ በአንድ በኩል እያጠረ አስቸገረው። ሁለቴ ፈትቶ ከሰፋው በኋላ «ቀሚሱ ደህና ነው፤ የልጅቷ ዳሌ ነው እኩል ያልሆነው» አለን። 12 ዓመቷ ነበር። አንዱ «ከባድ ቦርሳ ነው» ሲል፣ ሌላዋ ወጌሻ ስትመክር ስድስት ወር ባከነ። በማደጊያ ዕድሜ ስድስት ወር ብዙ ነው፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ቦርሳ ስኮሊዮሲስን፣ ማለትም የአከርካሪን ወደ ጎን መጣመም፣ አያመጣም፤ በወጣቶች ላይ የሚታየው አብዛኛው መንስኤው አይታወቅም።

መጀመሪያ እዩት። ልጁ ጀርባውን ገልጦ፣ እግሩን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ መዳፎቹን አጋጥሞ ቀስ ብሎ ያጎንብስ። ከኋላ ዝቅ ብላችሁ ተመልከቱ። አከርካሪው ወደ ጎን ሲጣመም እንደሚጨመቅ ጨርቅም ስለሚጠመዘዝ፣ የአንዱ ጎን የጎድን አጥንት ከሌላው ከፍ ብሎ ይታያል።

ከፍ ካለ ወደ አጥንት ሐኪም ውሰዱት፤ ቆሞ ራጅ ይነሣል። ጥመቱ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ስኮሊዮሲስ የሚባለው። እያደገ ባለ ልጅ ከ25 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ደጋፊ ማሰሪያ ሊታዘዝ ይችላል፤ ከ45 እስከ 50 ሲደርስ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ይነሣል። እንቅስቃሴ ማሰሪያውን አይተካም፤ አብሮት ይሠራል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ወደ ኋላ የሾለ ጉብታ ካለ ግን የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱ፣ ወይም እግር መዛል ወይም ሽንት አለመቆጣጠር ካለ፣ እንቅስቃሴው ይቁምና በቶሎ ሐኪም ይየው።

ከዚያ ፊዚዮቴራፒስቱ (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው) የጎበጠውና የጎደጎደው ጎን የትኛው እንደሆነ ወረቀት ላይ ይሣልላችሁ። ይህን ሳያውቁ ከስልክ ቪዲዮ እያዩ መሥራት ተገቢ አይደለም፤ ለአንዱ ልጅ የሚያቃናው ለሌላው ጥመቱን ሊያባብስ ይችላል። የኛዋ እንደ ብዙዎቹ ደረቷ ላይ ወደ ቀኝ የጎበጠ ስለሆነ የሚከተለውን በእሷ ልክ ነው የምጽፈው።

ከሰኞ ገበያ ረዘም ያለ መስታወት ገዛን። የደሴ ጠዋት ብርድ ነውና መጀመሪያ በአራት እግሯ ተንበርክካ ጀርባዋን እያጎበጠችና እያሰመጠች አምስት ደቂቃ ታሟሙቃለች። ከዚያ መስታወቱ ፊት በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ሁለቱም እግሮቿ መሬት ይነካሉ። ዳሌዋን ታስተካክላለች። አናቷን በክር ወደ ላይ የሚስቧት ያህል ትረዝማለች፤ ትከሻዋ ግን አይነሣም። ወደ ቀኝ ያመለጠውን ደረቷን ወደ መሃል ትመልሳለች።

ከባዱ ትንፋሹ ነው። ይህን ዘዴ ጀርመናዊቷ ካታሪና ሽሮት፣ ራሷም ጀርባዋ የተጣመመ፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ማስተማር ጀመረች። አየሩ የሚላከው ወደ ጎደጎደው ጎን ነው። ልጅ ደግሞ «በግራ ጀርባሽ ተንፍሺ» ቢሉት አይገባውም። እኔ መዳፌን በስስ ሸሚዟ ላይ ከግራ ትከሻዋ በታች አሳርፋለሁ። ሳልጫን። «እጄን ግፊው» እላታለሁ። መጀመሪያ ሳምንት ምንም አልነበረም፤ ሆዷ ብቻ ይነፋ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጣቶቼ በትንሹ ከፍ ሲሉ ተሰማኝ፤ ሁለታችንም ዝም አልን። አየሩን ስታስወጣ ቀስ እያለች፣ ጡንቻዎቿን አጥብቃ፣ ያገኘችውን ቅርፅ ሳትለቅ ነው። አምስት ስድስት ትንፋሽ፣ ዕረፍት፣ እንደገና፤ ሦስት ዙር።

መጨረሻ ላይ በአራት እግር ሆና ተቃራኒ እጅና እግር ዘርግታ እስከ አምስት ትቆጥራለች። ሁሉም ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ግን በየቀኑ ነው። ሕመም ከመጣ ይቆማል። በስንፍናዋ አትቆጧት፤ በዚህ ዕድሜ በመስታወት ራሷን ማየቷ ብቻ ይከብዳታል። እኔ ጎኗ ተቀምጬ አብሬ እሠራለሁ።

ቁመቷን በየወሩ በበሩ መቃን ላይ በጠመኔ እናሰምራለን። መስመሩ በፍጥነት ወደ ላይ ከወጣ ጥመቱም የሚሮጥበት ወቅት ነውና፣ ስድስት ወር ሳንጠብቅ ለሐኪሟ እንነግራለን።