የሎሚ ቅጠል ሲጠቀለልና ብርማ መስመር ሲያወጣ

አዲስ የወጣው የሎሚ ቅጠል ላይ ብርማ መስመር ሲጠማዘዝ ካያችሁ፣ ቅጠሉም ከተጨማደደ፣ ቅጠሉን ቀጥፋችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። መስመሩ መሃል ላይ ቀጭን ጥቁር ክር አለ? የትል ኩስ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ራሱ ባለቤቱ፣ ቢጫማ አረንጓዴ ትል፣ ከስስ ሽፋን ሥር ተኝቶ ይታያል።

መስመር ሳይኖር ቅጠሉ ብቻ ተጠቅልሎ የሚያጣብቅ ከሆነና ጉንዳን ከተመላለሰበት ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ተባይ ነው። በሳሙና ውሃ እጠቡት። ቅጠሉ ከዳር ተበልቶ ካለቀ ደግሞ የወፍ ኩስ የሚመስል አባጨጓሬ ፈልጉና በእጅ ልቀሙት።

ምክንያቱ

መስመሩን የሚሠራው ከእስያ የተነሳች የእሳት እራት ልጅ ነው። እናትየው ክንፏ ተዘርግቶ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። የምትበረው በማታ ስለሆነ አታገኟትም። ይህች ሚጢጢ ነገር በ1993 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ገብታ የብርቱካን ገበሬውን አስጨንቃለች።

እንቁላሏን የምትጥለው ለጋ ቅጠል ላይ ብቻ ነው። የጠነከረ ቅጠል አይሆናትም። ትሉ ሲያድግ የቅጠሉን ጠርዝ አጥፎ እዚያው ውስጥ ይለወጣል። አየሩ ሞቃት ከሆነ ከእንቁላል እስከ እሳት እራት ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል።

መፍትሄው

ዛፉ አራት ዓመት ካለፈው ተዉት። የምሬን ነው። መልኩን ያበላሸዋል እንጂ አይገድለውም። ብዙ ሰው ግን መቀስ ይዞ ይነሳል። የተጨማደደውም ቅጠል ለዛፉ ምግብ እየሠራ ነው። ከዚያ በላይ፣ በቆረጣችሁ ቁጥር ዛፉ አዲስ ለጋ ያወጣል፤ እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነው። ዩሪያ መጨመርም ያው ነው። ከግንዱ ሥር ቀጥ ብለው የሚመዘዙትን ቅርንጫፎች ግን አስወግዱ። ለጋ የማያልቅባቸው እነሱ ናቸው።

ዝም ብሎ ፀረ ተባይ መርጨት ገንዘብ መጣል ነው። ትሉ ሽፋን ሥር ስለሆነ አብዛኛው መድኃኒት አይደርስበትም። የሚያልቁት ትሉን የሚገድሉልን ጥቃቅን ተርቦች ናቸው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ችግኝ ነው። ቅጠሉ ጥቂት ስለሆነ እድገቱ ይጎተታል። ቡቃያው ገና ብቅ ሲል የኒም ዘይት በውሃ በጥብጣችሁ፣ እሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ፀሐይ ስትበርድ ርጩት። እንቁላል እንዳትጥል ያደርጋታል። አዲስ ቅጠል በወጣ ቁጥር ይደገማል። የተሰረሰረው ቅጠል ግን አይድንም፤ አትጠብቁ።

ቁስሉ አጠገብ ዙሪያው ቢጫ የሆነ፣ ሲነኩት የሚሻክር ቡናማ ነጠብጣብ ካለ ካንከር የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል። ትሉ በከፈተው ቀዳዳ ይገባል። ያን ጊዜ ቅርንጫፉን ለማንም ሳትሰጡ የግብርና ባለሙያ ጥሩ።