ገዳችን ከፋ ከማለት በፊት፦ ለኮሌጅ የባስ ዓሣ አጥማጆች የጉዞ ችግርና መፍትሄ

በአሜሪካ ኮሌጆች ባስ የተባለውን በሐይቅና በወንዝ የሚኖር አዳኝ ዓሣ የማጥመድ ውድድር ሕጉ ቀላል ነው። በአንድ ጀልባ ሁለት ተማሪዎች ይወጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን እስከ አምስት ዓሣ ያስመዝናሉ፣ ጠቅላላ ክብደቱ የበለጠው ያሸንፋል። ከባዱ ጉዞው ነው። ብዙዎቹ ቡድኖች በተማሪዎች ክበብ የተቋቋሙ ስለሆኑ መኪናው የአባት፣ ጀልባው የአጎት፣ የነዳጁ ገንዘብ ከየኪሱ የተዋጣ ይሆናል። ጉዞው ሲበላሽ ተማሪው ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡም ይከስራል።

ጀልባ ላይ ሙዝ መያዝ ገድ ያከፋል የሚለው እምነት በአጥማጆች ዘንድ የቆየ ነው። ጎማ ሲፈነዳ፣ ሞተር እምቢ ሲል «ማን ነው ሙዝ ያመጣው?» ይባላል። በእኛም ዘንድ «ዓይን በላን» የሚል አይጠፋም። ልብ ብሎ ለመረመረው ግን የእነዚህ ጉዞዎች መከራ አብዛኛው ምልክቱን ቀድሞ አሳይቷል፤ አንዳንዱ ከሰዓታት፣ አንዳንዱም ከወራት በፊት። ከዚህ በታች ያለውን በጉዞው ቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ፤ ችግሩ በተፈጠረበት ቦታ ፈልጋችሁ አንብቡት።

መንገድ ላይ

ምልክት፦ ጀልባው ተጭኖ ከመኪናው ኋላ ከሚጎተትበት ተጎታች ጎማ መሃል የሚያጉረመርም ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ይሰማል። ነዳጅ ለመቅዳት ስትቆሙ የጎማው እምብርት እጅ አያስነካም። በቸርኬው ውስጠኛ ጎን ግራሶ ተረጭቶ ይታያል።

ምክንያት፦ ኩሽኔታው ግራሶ አልቆበታል ወይም ውኃ ገብቶበታል። የጀልባ ተጎታች ከሌላው ተጎታች ይልቅ በዚህ የሚጠቃበት የራሱ ምክንያት አለ። ረጅም መንገድ የተጓዘ እምብርት ይግላል። ሐይቁ ዳር እንደተደረሰ ጀልባውን ለማውረድ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ በማሸጊያው በኩል ውኃ ስቦ ያስገባል። ግራሶው ነጣ ብሎ ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል፣ ብረቱም ቀስ እያለ ይዝጋል። ጉዳቱ የሚታየው ግን ያን ቀን አይደለም። በሚቀጥለው ጉዞ፣ በአውራ ጎዳና መካከል፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ነው። «ያለ ምክንያት ተቃጠለ» የሚባለው ኩሽኔታ ምክንያቱን ባለፈው ውድድር የተሸከመ ነው።

መፍትሄ፦ ከጉዞው ሳምንት አስቀድማችሁ ጎማውን በክሪክ አንሡት። ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ከተንቀሳቀሰ ላልቷል። ከዚያ በእጅ አሽከርክሩትና ጆሮ ስጡት፤ ደኅናው ጸጥ ብሎ ይዞራል፣ የተበላሸው ይንኮሻኮሻል። መንገድ ላይ በቆማችሁ ቁጥር የእጃችሁን ጀርባ ወደ እምብርቱ አስጠጉ፤ ለብ ማለቱ ደኅና ነው፣ ማቃጠሉ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ዕቃ የምትጭኑትን፣ ገመድ የምትፈቱትን ጊዜ ለእምብርቱ ማቀዝቀዣ አድርጉት። ከሁሉ በላይ ኩሽኔታው፣ ማሸጊያውና ግራሶው ቀድሞ የገባበት ሙሉ መለዋወጫ እምብርት ያዙ። በጨለማ፣ የጭነት መኪና አጠገባችሁ እየበረረ፣ ኩሽኔታ በተናጠል መቀየር የሰው ሕይወት ላይ መጫወት ነው። ሙሉውን እምብርት መቀየር ግን በጥቂት መሣሪያ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ጎማው ራሱ ከፈነዳ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የምስማር አይደለም። የተጎታች ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል፤ ጀልባው ዓመቱን ሙሉ ግቢ ቆሞ ፀሐይ ሲመታው ላስቲኩ ይሰነጣጠቃል። በጎማው ጎን ከታተሙት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹን አራት አንብቡ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። አምስት ስድስት ዓመት ካለፈው ጥርሱ ቢያምርም አትመኑት። የአየር ግፊቱ በጎማው ጎን ከተጻፈው ካነሰ ጎማው ይግላል፤ ብዙ የተጎታች ጎማዎች ደግሞ የተሠሩት በሰዓት እስከ 65 ማይል ለሚሆን ፍጥነት ነው። ስኮርታ መያዝ ብቻውን አይበቃም። የመኪናው የዳዶ መፍቻ የተጎታቹን ዳዶ ላይገጥም ይችላል፣ ክሪኩም ከተጎታቹ በታች ላይቆም ይችላል፤ ስለዚህ ቤት ሳላችሁ አንድ ጎማ ፈትታችሁ መልሳችሁ ግጠሙ። አዲስ የታሰረ ጎማ ዳዶውን ከ80 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ወላጆችም አንድ ነገር ልብ በሉ። የመንገድ ላይ እርዳታ ውል ብዙ ጊዜ መኪናውን እንጂ ተጎታቹን አይጨምርም። ልጁ ከመነሣቱ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ።

የተጎታቹ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ወይም አንዱ ሲበራ ሌላው ከጠፋ አምፖሉን ከመቀየር በፊት ከተጎታቹ ብረት ጋር የታሰረውን የመሬት ሽቦ አጽዱ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው።

ማደሪያ ቦታ

ምልክት፦ ሲጠመድ ጀልባውን ቀስ አድርጎ የሚያንቀሳቅሰው የፊተኛው ኤሌክትሪክ ሞተር ጠዋት ደኅና ሠርቶ እኩለ ቀን ላይ ይደክማል።

ምክንያት፦ ባትሪው ሌሊቱን አልሞላም። በውድድር ዋዜማ ሆቴሉ ግቢ ብዙ ጀልባ ይቆማል፤ ሁሉም ቻርጀሩን በውጭ ባሉት ጥቂት ሶኬቶች ላይ ይሰካል። መስመሩ ሲከብደው ማቋረጫው ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፣ እናንተ ተኝታችኋል። አንዳንዱ ሶኬት ደግሞ ከውጭ መብራት ማብሪያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሠራተኛው መብራቱን ሲያጠፋ ቻርጀሩም ይጠፋል። ቀጭን የኤሌክትሪክ ማራዘሚያም ርቀቱ ሲበዛ ኃይል ይበላል፣ ይግላልም።

መፍትሄ፦ ሆቴሉን ስትይዙ ሶኬት ከጀልባ ማቆሚያው ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቁ። ወፍራም ማራዘሚያ ያዙ። ከመተኛታችሁ በፊት የቻርጀሩን መብራት ማየታችሁን ብቻ አትመኑ፤ ሌሊት አንድ ሰው ተነሥቶ ይይ፣ ተራ ግቡ። የእርሳስ ባትሪ ከቻርጀር ተነቅሎ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ካሳየ ሞልቷል፤ 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ነው። የሊቲየም ባትሪ በዚህ መለኪያ አይገመትም፣ የራሱን ማሳያ ተከተሉ።

ምልክት፦ በሰዓታችሁ መሠረት በጊዜ ደርሳችሁ ሳለ ጀልባዎቹ ሄደዋል።

ምክንያት፦ የሰዓት ክልል። ጆርጂያ በምሥራቁ ሰዓት፣ አላባማ በመካከለኛው ሰዓት ይኖራሉ፤ ቴነሲ ራሷ ለሁለት ተከፍላለች። በጆርጂያና በአላባማ ድንበር ላይ በተዘረጋው በዩፋላ ሐይቅ ስልካችሁ ከሐይቁ ማዶ ካለ ምሰሶ ጋር ሲገናኝ ሰዓቱን ራሱ ይቀይራል። ማንቂያውም አብሮ ይዛነፋል።

መፍትሄ፦ የስልኩን ሰዓት በእጅ ሙሉና አውቶማቲኩን አጥፉ። ዋዜማ በሚደረገው ስብሰባ የውድድሩን ሰዓት ከዳኛው ጋር አስተካክሉ። ይህ ለመነሻ ብቻ ሳይሆን ለመመለሻም ነው፤ በብዙ ውድድሮች የዘገየ ጀልባ ለእያንዳንዱ ደቂቃ ከዓሣው ክብደት አንድ ፓውንድ ይቀነስበታል።

ውኃው ላይ

ጀልባው ኋላው ከከበደና ወለሉ ላይ ውኃ ከታየ የመውረጃው ቀዳዳ ውታፍ አልተደፈነም። ውታፉን ከሞተሩ ቁልፍ ጋር አንድ ላይ እሰሩት፤ ቁልፉን ሳትይዙ ውኃ ላይ አትወርዱም።

ሞተሩ እምቢ ካለ በመደናገጥ ቁልፉን ደጋግማችሁ አትጠምዝዙ። ማርሹ ዜሮ ላይ ነው? የባትሪው ዋና ማብሪያ ተከፍቷል? ከነጂው ወገብ ወይም ጃኬት ጋር የሚታሰረው የሞተር ማጥፊያ ገመድ ቦታው ላይ ገብቷል? ከዚህ በኋላ ነው ወደ ነዳጁ የሚኬደው። በቤንዚኑ ቱቦ ላይ ያለችው የጎማ ፖምፓ ስትጨመቅ ካልጠነከረች አየር ይገባል፤ ተጨፍልቃ ከቀረች የነዳጅ ጋኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ስለ ማጥፊያው ገመድ ግን አንድ ቃል ልጨምር። ከሚያዝያ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች በሆኑ ፈጣን ጀልባዎች ላይ ማሰሩ የፌዴራል ሕግ ነው። ከጀልባ የወደቀ ነጂን የገዛ ጀልባው ዞሮ ሊመታው ይችላል። ለአጭር ርቀት ነው ብላችሁ አትተዉት።

ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው ካልሄደ፣ ብዙ ጊዜ ጀልባውን የሚገፋው ውልብልቢት የውስጥ ጎማ ተላቆ በባዶ እየተሽከረከረ ነው። በዝግታ ወደ ዳር መመለስ ይቻላል። መለዋወጫ ውልብልቢትና መፍቻ መያዝ ከባድ አይደለም።

ምልክት፦ በልምምድ ቀን ዓሣ ሞልቶ የነበረበት ቦታ በውድድሩ ቀን ባዶ ነው።

ይህ ተማሪዎችን ከሁሉ ይበልጥ ያስለቅሳል፣ ከሁሉም ይበልጥ በዕድል ይመካኛል። ሦስት የታወቁ ምክንያቶች አሉት።

አንደኛው ዓሣውን እናንተው ራሳችሁ ማስደንገጣችሁ ነው። በልምምድ መንጠቆ የወጋው ባስ በማግስቱ ያንኑ ማማለያ (ዓሣውን የሚያታልል ሰው ሠራሽ ምግብ) ብዙ ጊዜ አይነካም። በልምምድ ቀን የመንጠቆውን ጫፍ እጠፉት፤ ሲነክስ በማጥመጃው ዘንግ ይሰማችኋል፣ ይበቃችኋል።

ሁለተኛው የውኃው መፍሰስና መቆም ነው። በሰሜን አላባማ ያለው የገንተርስቪል ሐይቅ በቴነሲ ወንዝ ላይ በ1939 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀ ግድብ የተፈጠረ፣ ወደ 28 ሺህ ሄክታር የሚሰፋ፣ ብዙ ውድድር የሚካሄድበት ሐይቅ ነው። ግድቡን የሚያስተዳድረው የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ውኃው ይፈሳል፤ ዓሣውም ምግብ ወደሚያመጣለት ፍሰት ዞሮ በሐይቁ ወለል ወጣ ገባ ጫፍ ይሰለፋል። ተርባይኑ ሲቆም ይበተናል ወይም ውኃው ውስጥ በሚበቅለው ሣር ውስጥ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ውኃው ሲፈስ የተለማመደ ሰው ጠዋት የቆመ ውኃ ሲገጥመው ሐይቁ የተቀየረበት ይመስለዋል። ባለሥልጣኑ የግድቦቹን የውኃ ልቀት ዕቅድ በይፋ ያወጣል። ለልምምዳችሁ የያዛችሁት ማስታወሻ ቦታውን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንና ውኃው ይፈስ እንደነበር መያዝ አለበት።

ሦስተኛው ቀዝቃዛ አየር ካለፈ በኋላ የሚመጣው ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ዓሣው አልሄደም፤ ከሣሩ ሥር ተደብቆ አፉን ዘግቷል። ማማለያውን አሳንሱ፣ ቀስ በሉ፣ ጥቅጥቅ ባለው ሣር መሃል ከባድ እርሳስ ታስሮበት በቀጥታ የሚወርድ ማማለያ ጣሉ። በፊት ከነበረበት ብዙ አይርቅም።

ትልቅ ዓሣ ሲመጣ ክር እየተበጠሰ ካስቸገረም ከዕድል በፊት ክሩን መርምሩ። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ ከመንጠቆው በላይ ያለውን አንድ ክንድ ያህል ክር በጥፍርና በጣት መካከል አሳልፉ፤ ሻከር ካለ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ልጅ መጀመሪያ የሚተወው ይህንን ነው። ነጂው ከሌላው በፊት ይተኛ።

ሚዛኑ ጋ

ምልክት፦ የተያዘው ዓሣ እስከ ሚዛን በሕይወት በሚቆይበት የጀልባው ገንዳ ውስጥ በጎኑ ይንሳፈፋል።

እዚህ ላይ ከነጥቡ ይልቅ ስለ ዓሣው ማሰብ ይገባል፤ ውድድሩ የቆመው ዓሣው በሕይወት ወደ ሐይቁ ይመለሳል በሚለው ቃል ነው። በብዙ ውድድሮች ለአንድ የሞተ ዓሣ ከክብደቱ አራት አውንስ (ሩብ ፓውንድ) ይቀነሳል፤ ደረጃ ደግሞ በአውንስ ይበላለጣል።

ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ስለሚችል ለዩት። ዓሣው ከስምንት ዘጠኝ ሜትር በላይ ከሆነ ጥልቀት ከወጣ የአየር ከረጢቱ አብጦ ነው። ጉልበት አለው፣ ጅራቱን ያወናጭፋል፣ ቀጥ ብሎ መቆም ግን አይችልም። በታችኛው ክንፉ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ክብደት ያቃናዋል። በመርፌ አየሩን ማውጣት የሚቻል ቢሆንም ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ቆማችሁ ሳትማሩ አትሞክሩት።

ዓሣው ጥልቀት ከሌለው ውኃ ወጥቶ ከደከመ፣ ቀለሙም ከገረጣ፣ ችግሩ አየር ነው። ሞቃት ውኃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም፤ አምስት ትልልቅ ዓሦች በሐምሌ ፀሐይ የገንዳውን ኦክስጅን ቶሎ ይጨርሱታል። ጀልባው በፍጥነት ሲሄድም ፖምፓው አየር ይስብና ውኃ መግፋቱን ያቆማል። ስለዚህ በቆማችሁ ቁጥር ክዳኑን ከፍታችሁ ውኃው ሲረጭ በዓይናችሁ እዩ፤ ድምፁን ብቻ አትመኑ። በሙቀቱ ወራት ገንዳውን ጠዋት ውኃው ሳይሞቅ ሙሉ፣ ከዚያ ያንኑ ውኃ እያዞራችሁ በጠርሙስ ውስጥ የቀዘቀዘ በረዶ ጨምሩበት። ጠርሙሱ የቧንቧ ውኃው ክሎሪን ዓሣውን እንዳይነካ ይከላከላል። ከሐይቁ ሙቀት ከአምስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አታቀዝቅዙት፤ ድንገተኛ ለውጥም ይገድላል። ለሚዛን ወረፋ ስትቆሙ ዓሣውን ቀድማችሁ ከረጢት ውስጥ አትክተቱ። ተራችሁ ሲደርስ አውጡት።

በእናንተ እጅ ያልሆነው

ጭጋግ መነሻውን ያዘገየዋል፤ ሌላ ቡድን የመረጣችሁት ቦታ ላይ ቀድሞ ይቆማል። ለዚህ ሁለተኛና ሦስተኛ ቦታ ከማዘጋጀት ሌላ መድኃኒት የለውም። ነጎድጓድ ከተሰማ የካርቦን ዘንጎቹን አስተኝታችሁ ወደ ዳር ውጡ፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ለየትኛውም ዋንጫ ውኃው መሃል መቆም አይገባም።

ሞተሩ ከመመዘኛው ርቃችሁ ሳለ ከሞተ፣ ሰዓቱ ሳያልፍ ወዲያው ለዳኛው ደውሉ። በብዙ ውድድሮች ሕግ በዳኛው ፈቃድ ከነዓሣችሁ በሌላ ተወዳዳሪ ጀልባ መመለስ ይቻላል። ሳትጠይቁ ዓሣውን ወደ ሌላ ጀልባ ካሻገራችሁ ግን የቀኑ ውጤት ሊሰረዝባችሁ ይችላል። የዳኛውን ስልክ ቁጥር ዋዜማ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ጀልባው ውስጥ አስቀምጡ፤ ሞተሩ በሚሞትበት ሰዓት የስልክ ባትሪም አልቆ ሊገኝ ይችላል፣ በሌላ ሰው ስልክ ለመደወል ቁጥሩ ያስፈልጋችኋል።