በነባር የንግድ ሕንፃ ውስጥ የችግኝ ማፍያና መሸጫ ማደራጀት

በአዲስ አበባ ፒያሳና በአካባቢው ካሉት ነባር የነጋዴ ቤቶች ብዙዎቹ በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ፣ የእንጨት ወለልና በረንዳ ያላቸው በመሆናቸው፣ በውስጣቸው ችግኝ ለማፍላት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጨነቅበት የሚገባው ስለ ውኃ ነው። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ አፈርና ማሰሮ የሚቀመጠው ከምድር ጋር በተያያዘው ወለል ላይ እንጂ በእንጨቱ ፎቅ ላይ መሆን የለበትም። መደርደሪያዎቹ ከግድግዳው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቁ፤ የሚንጠባጠበውም ውኃ በቦይ ወደ ውጭ ይውጣ።

ግድግዳውን በሲሚንቶ መለሰን፣ በእኔ እምነት፣ ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዘው ውስጡ ያለው ጭቃ ይላላል፤ የኖራ ልስን ግን እርጥበቱ ወደ ውጭ እንዲተን ያደርጋል።

ለብርሃን ሲባል የፊቱን መስኮት ከማስፋት ይልቅ በጓሮ በኩል ካለው ጣሪያ ጥቂት ቆርቆሮዎችን ብርሃን በሚያሳልፉ መተካት ይሻላል። ጽጌረዳና ሎሚ ፀሐይ ስለሚወዱ ጓሮው ለእነርሱ ይተው፤ የፊቱ ክፍል ጥላ ለሚችሉት ተክሎች ይበቃል።

ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እድሳቱ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው።