አሮጌ መኪና ለጭስ ምርመራ ሲቀርብ የሚሠሩ ስህተቶች

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ ዲኤክሱንም ላዳውንም አክሞ ማቆየት ግድ ሆኗል። ቦሎ ሲደርስ መኪናውን በጭስ የሚጥሉት ስህተቶች ግን ያው የታወቁት ናቸው።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል፦ «ሞተሩ ሞቀ» ሲባል ብዙ ጋራዥ መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚያግደውን ክዳን ነው። ያኔ ውሃው ያለማቋረጥ ወደ ራዲያተር ስለሚሄድ ሞተሩ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ መድረስ ያቅተዋል፤ በክረምት ጠዋትማ ጭራሽ። በቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን በደንብ አይተንም፣ ሳይቃጠል በማርሚታው ይወጣል። ኢንጀክሽን (ቤንዚን በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭ) ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ቴርሞስታቱን ያስመልሱ፤ ሙቀቱ ከበዛ የሚጠረገው ራዲያተሩ ነው። በምርመራው ቀን 20 ደቂቃ ያህል ነድተው ይድረሱ፤ ሰልፉ ረጅም ከሆነ ተራዎ ሲቃረብ ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ያቆዩት።

ሌላውን ሳያዩ የካርቡሬተር (የአየርና ቤንዚን ማደባለቂያው) ቪት ማዞር፦ መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከጅቡቲው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ማስተካከሉ ተገቢ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፦ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ (እሳት የሚሰጠው)፣ ፑንቲና (በዲስትሪቡተር ውስጥ ያለው የኮረንቲ ማቋረጫ)፣ ከዚያ ቾኩ (ሞተር በብርድ ሲነሳ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሙሉ በሙሉ መከፈቱ። ፑንቲና ባለው ላዳ የካንዴላው ክፍተት ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ነው። የድብልቅ ቪቱ የሚነካው በመጨረሻ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ነው፦ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው ዙር) መንቀጥቀጥ እስኪጀምር በቀስታ ይጠበቅ፣ እስኪረጋ ብቻ ይመለስ። ካንዴላው እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ከወጣ ቤንዚን አሁንም በዝቷል።

ሰማያዊ ጭስን በወፍራም ዘይት መሸፈን፦ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ወፍራሙ ለጥቂት ቀን ቢደብቀው ነው። መኪናው አድሮ ሲነሳ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ በአብዛኛው ዘይት የሚያግደው የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ ወጪው ቀላል ነው። ነዳጅ ሲረገጥ የሚበረታ ከሆነ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ያስጠረጥራል። ሁለቱን ሳይለዩ ሞተር ማስወረድ የገንዘብ ብክነት ነው።

ካታሊቲኩን (የጭስ ማጣሪያውን) አስቆርጦ ቱቦ ማስበየድ፦ ለእሱ በተሠራ ሞተር ላይ ይህን ያደረገ ሰው በቪት የሚያገኘው ነገር የለም። የማርሚታ ቀዳዳም ይደፈን፤ አየር ስለሚያስገባ ንባቡን ያዛባል።

ናፍጣ ላይ ፖምፓውን (ናፍጣ ገፊውን) ነዳጅ እንዲቀንስ መዝጋት፦ ጥቁሩ ጭስ ይቀንሳል፣ መኪናው ግን ወደ እንጦጦ ሲወጣ ይሞታል። ፖምፓው ከመነካቱ በፊት የአየር ፊልትሮው ይቀየር፣ ኖዝሎቹ (ናፍጣ መርጫዎቹ) ወርደው በመሞከሪያ ማሽን ይታዩ፤ ናፍጣን በጉም ፋንታ በጠብታ የሚተፋ ኖዝል አንድም ቢሆን በቂ ጭስ ይሠራል። ናፍጣ ሞተር ሲመረመር ነዳጁ እስከ ጥግ ስለሚረገጥ፣ ዕድሜው ያለፈ የታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስኬደው) ካለ ሳይቀይሩ አይሂዱ፤ እዚያው ቢበጠስ ቫልቭ ያጣምማል።