«ወፈርሽ» ሲሉሽ ምን ትያለሽ?

ለበዓል ዘመድ ቤት ገብተሽ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «ውይ፣ ወፈርሽ!» ትባያለሽ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያችው አክስት «ምነው ከሳሽ፣ አሞሽ ነበር?» ትላለች። ወንዶችም አልቀረላችሁም፣ ቦርጫችሁ የሁሉም ወሬ ነው።

መጀመሪያ ተናጋሪውን ለዪ። እናቶቻችን «ወፈርሽ» ሲሉ ብዙ ጊዜ «ተመችቶሻል» ማለታቸው ነው፣ በተለይ ከውጭ ለመጣ ሰው። ለእነሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለሽ ወሬውን ወደ እነሱ ጤና ማዞር ይበቃል። ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ በሰው ፊት ሲደጋግመው ግን አብረሽ አትሳቂ። ለብቻ ወስደሽ «ስለ ሰውነቴ ባታወሪ ደስ ይለኛል» በያት። በቃ። ወልጄ ነው፣ መድኃኒቱ ነው፣ ጭንቀት ነው እያልሽ ማስረዳት ከጀመርሽ አለቀልሽ፤ ወዲያው «እኔ የማውቃት ልጅ ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ እየጠጣች...» ይመጣል።

ከዚያ ቁም ሳጥንሽን ክፈቺ። «ስከሳ እለብሰዋለሁ» ብለሽ ያስቀመጥሽው ጂንስ በየጠዋቱ ያናድድሻል እንጂ አያከሳሽም፣ ስለዚህ ለሚሆናት ስጪው። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ስታሰፊ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አውጥቶ ደረትሽን፣ ወገብሽን፣ ቁመትሽን ለክቶ በዚያው ልክ ይሰፋል፤ «ወገብሽን አስተካክለሽ ነይ» የሚልሽ የለም። የተገዛ ልብስም ልክሽ ካልሆነ ወደ ሰፊ ውሰጂው።

ስለ ሚዛን ደግሞ። ቢኤምአይ (BMI) የሚሉት፣ ክብደት ለቁመት ይመጥን እንደሆነ የሚገመትበት ስሌት ክብደትን በኪሎ ወስዶ በቁመት (በሜትር) ሁለት ጊዜ ያካፍለዋል። መነሻውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው ቤልጂየማዊው አዶልፍ ኬትሌ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሰው እንጂ ሐኪም አልነበረም፤ የሚያጠናውም የብዙ ሰዎችን አማካይ ነው። ስሌቱ ጡንቻን ከስብ አይለይም። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄጂ ያንን ቁጥር ብቻ ይዘሽ አትውጪ፤ የደም ግፊትሽን፣ የደም ስኳርሽንና የወገብሽን ልክ ጠይቂ። ሳትሞክሪ ክብደትሽ ከቀነሰ ወይም ውሃ ጥሙ ከበዛብሽ ደግሞ «እኔ ራሴን ተቀብያለሁ» ብሎ ማለፍ የለም፣ ታከሚ።

እንቅስቃሴ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይቆጠራል፣ ላብ የሚያወጣ እስክስታም እንደዚያው። የምትወጂውን ምረጪ፤ ትናንት ክትፎ በላሁ ብለሽ ለቅጣት የምትሮጪው ሩጫ አይዘልቅም። (ሁዳዴንም ዳይት አታድርጊው እባክሽ፣ 55 ቀን ጾሞ በፋሲካ ማግስት ሚዛን ላይ የሚወጣ ሰው ምን እየጠበቀ እንደሆነ አይገባኝም።)

ስልክሽ ላይ ካየሽ በኋላ መስታወት የሚያስጠላሽን ገጽ አትከታተይ። አብዛኛው ፊልተር ነው።

ፊት የሚያቀላ ክሬም ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፣ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፤ ሌላው ጠንካራ ስቴሮይድ ይዞ ቆዳን እያሳሳ ይሄዳል። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበትን ጭራሽ አትግዢ። ስትቀቢ ከቆየሽና ቆዳሽ ከተቆጣ በላዩ ሌላ ቅባት አትደርቢ፤ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ዕቃውንም ይዘሽ ሂጂ፣ ምን ስትቀቢ እንደነበር ማየት አለበት።