እናታችሁን እያስታመማችሁ ፍቅር ስትጀምሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እማዬ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ እንዳለባት ከታወቀ አምስት ዓመት አለፈው። በዚህ መሀል ፍቅር ያዘኝ፣ ብዙም ተሳሳትኩ።

ትልቁ ስህተቴ መደበቅ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ሰውየውን የማገኘው ውጭ ብቻ ነው። ቤት ልምጣ ሲለኝ "እማዬን ትንሽ አሟታል" እለዋለሁ። እኛ ጋ ገና ሽማግሌ ሳይላክ "ዘራቸው ምን አለበት?" ተብሎ ይጠየቃል፣ ሰፈሩም "ጃጀች" ይላል፣ ሌላው ደግሞ ድግምት ነው ይላል፤ እሱን ነው የፈራሁት። አንድ ቀን ግን እማዬ ባዶ እግሯን ወጥታ ጠፋች። ገበያ መሀል አግኝቶ ይዟት የመጣው እሱ ነው። የተቀየመኝ በሕመሟ አይደለም፣ በመደበቄ ነው። ገና ስትተዋወቁ ንገሩ። የአንጎል በሽታ ነው በሉ። ስለ ዘር ከተጠየቃችሁ ደግሞ፣ አብዛኛውን ሰው የሚይዘው በእርጅና ነው፤ በቀጥታ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ዓይነት በጣም ጥቂት ነው።

"እማዬን ይሻላትና ከዚያ" ማለትም ስህተት ነው። ጸበሉንም ሐኪሙንም አልተውኩም፣ ግን አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ብዙዎች ከታወቀባቸው በኋላ ከ4 እስከ 8 ዓመት ይኖራሉ፣ እስከ 20 የሚደርሱም አሉ። "ከዚያ" ስትሉ ምን እየጠበቃችሁ እንደሆነ አስቡት፤ እኔ ሲገባኝ አለቀስኩ።

ሰው የምታመጡበት ሰዓትም ወሳኝ ነው። ሲመሽ ብዙ ሕመምተኞች ይረበሻሉ። እማዬ 11 ሰዓት ካለፈ ቤቷ ቁጭ ብላ "ቤቴ ውሰዱኝ" ትላለች። እኔ ደግሞ ለእራት ጠራሁት! ጠዋት ቡና ላይ ቢሆን ኖሮ ስትስቅ ያያት ነበር።

ያን ማታ "ወርቄን የሰረቀኝ ይሄ ነው" አለችው። አፍሬ ተከራከርኳት፣ ባሰባት። ጥርጣሬው የበሽታው ነው። አልዛይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ በሽታው ሲናገር የጠቀሳት ሴት እንኳ መጀመሪያ ከታዩባት ምልክቶች አንዱ በባሏ ላይ ያደረባት ቅናት ነበር። አትከራከሩ። እሱ ከእኔ ቀድሞ ገብቶት "እማ፣ አብረን እንፈልገው" አላትና ሳጥኗን ከፍተው ሲያገላብጡ ረሳችው።

ደግሞ ባል ስትፈልጉ አስታማሚ አትፈልጉ። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፣ ሰውም ያውቃል።

የመጨረሻው፣ ወንድምና እህትን አለመጠየቅ። "ያላገባሽው አንቺ ነሽ" ተብሎ ሁሉም እኔ ላይ ወደቀ፣ እኔም ዝም አልኩ። ጠይቁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጣችሁ። አሁን እህቴ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም መጥታ ታድራለች። ያን ቀን ከ8 ሰዓት በኋላ የራሴ ነኝ።