አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ሠራተኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ከእንግዲህ እኔን ማን ይቀጥረኛል?» ሃምሳን የተሻገሩ ወገኖቻችን ይህን ሲሉ ደጋግሜ እሰማለሁ። በሆቴል ጽዳት፣ በፓርኪንግ፣ በኤርፖርት፣ በነርሲንግ ሆም ጉልበታቸውን የጨረሱ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ሺፍታቸው ይቀነሳል። ቀጥሎ አዲስ ወጣት እንዲያሠለጥኑ ይታዘዛሉ። ከዚያ ይሰናበታሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከ40 ዓመት ጀምሮ ያለን ሠራተኛ በቅጥርም፣ በደሞዝም፣ በዕድገትም፣ በስንብትም ከዕድሜ መድልዎ ይጠብቃል። ብዙዎቻችን ግን መብታችንን የምናጣው ሳናውቀው በምንሠራቸው ስህተቶች ነው።

ሬዙሜ ላይ ዕድሜን መዘርዘር

አገር ቤት ሲቪ የሚጀምረው በትውልድ ቦታና ዘመን፣ በጋብቻ ሁኔታና በጉርድ ፎቶ ነው። እዚህ አንዱም አያስፈልግም። ያውጧቸው። የተመረቁበትን ዓመትም ይተዉት፤ ዓመቱን ያየ ሰው ዕድሜዎን በአንድ አፍታ ያሰላዋል። የመጨረሻዎቹ 10 ወይም 15 ዓመታት የሥራ ልምድ ይበቃል። የኮነቲከት ግዛት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ቀጣሪዎች በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ የልደት ቀንም ሆነ የምረቃ ዓመት እንዳይጠይቁ ከልክሏል። በሌሎች ብዙ ቦታዎች ግን መጠየቅ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ስለዚህ ሳይጠየቁ አይናገሩ።

አለመናገር ግን ሌላ ነው፣ መዋሸት ሌላ ነው። ከተቀጠሩ በኋላ የሚሞላው አይ-ናይን የሚባለው የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ቅጽ የልደት ቀን ይጠይቃል። የብዙዎቻችን ልደት ወረቀት ላይ «ጃንዋሪ 1» ነው። ዓመቱም በግምት የተጻፈ ወይም ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲገለበጥ በ7 ወይም በ8 ዓመት የተዛባ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ቅጹ ላይ መታወቂያዎ የሚለውን ይጻፉ። መታወቂያው ስህተት ከሆነ መስተካከል ያለበት በሕጋዊ መንገድ ነው።

«ትንሽ ልይ» እያሉ ቀኑን ማሳለፍ

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይሄ ነው። ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን፣ በተለምዶ ኢኢኦሲ ለምንለው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረቢያው 180 ቀን ነው። ግዛቱ የራሱ የዕድሜ መድልዎ ሕግና ሕጉን የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ካለው ወደ 300 ቀን ይረዝማል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ደግሞ የመሥሪያ ቤትዎን የእኩልነት አማካሪ ማነጋገር ያለብዎት በ45 ቀን ውስጥ ነው።

ቀኑ የሚቆጠረው ሥራ ካቆሙበት ቀን አይደለም። መሰናበትዎ ከተነገረዎት ቀን ነው። በመጋቢት ነግረውዎት እስከ ሰኔ ቢያሠሩዎት ቆጠራው በመጋቢት ጀምሯል። ለኤችአር፣ ማለትም ለሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ ያመለከቱት ቅሬታም ቆጠራውን አያቆምም። ኤችአር «እያጣራን ነው» እያለ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ እርስዎ ግን ከውስጥ ቅሬታው ጎን ለጎን ወደ ኮሚሽኑ ይሂዱ። ማመልከት ነጻ ነው፤ ጠበቃም ግዴታ አይደለም።

እዚያው ቁጭ ብሎ መፈረም

ለ18 ዓመት አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳች እናት እናስብ። ዓርብ ከሰዓት ቢሮ ትጠራለች። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ገጽ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። «የስምንት ሳምንት ደሞዝ እንሰጥሻለን፤ እዚህ ጋ ፈርሚ» ትባላለች። ደንግጣለች፤ ሰው ፊት ማልቀስም አልፈለገችም። ትፈርማለች።

ያ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ «አልከስም» የሚል ውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሕግ ግን ዕድሜው 40 የሞላ ሠራተኛ በዕድሜ መድልዎ የመክሰስ መብቱን በእንዲህ ያለ ውል እንዲለቅ ሲጠየቅ የሚያስብበት 21 ቀን እንዲሰጠው ያዛል። ሌይኦፉ (የሠራተኛ ቅነሳው) በቡድን ከሆነ 45 ቀን ነው። ከፈረመ በኋላም ሐሳቡን የሚቀይርበት 7 ቀን አለው። ውሉ ሠራተኛው በሚገባው መንገድ መጻፍ፣ የዕድሜ መድልዎ ሕጉን በስም መጥቀስ፣ ጠበቃ እንዲያማክርም በጽሑፍ መምከር አለበት። የሚሰጠው ገንዘብም ቀድሞውኑ ከሚገባው በላይ መሆን አለበት፤ የሠራበትን የመጨረሻ ደሞዝ እንደ ስጦታ ማቅረብ አይቆጠርም። እነዚህ ካልተሟሉ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 እንደወሰነው፣ ሠራተኛው የተቀበለውን ገንዘብ ሳይመልስ እንኳ መክሰስ ይችላል።

እርስዎ ማለት ያለብዎት አንድ ነገር ነው፦ «ወረቀቱን ቤቴ ወስጄ አነበዋለሁ።» ማፈር አያስፈልግም።

ሁሉን በልብ መያዝ

«ሁሉም ሰው ሰምቷል» ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በፌዴራል ሕግ የሚከስ ሠራተኛ ዕድሜው ወሳኙ ምክንያት እንደነበር ማሳየት ይጠበቅበታል። ከባድ ሸክም ነው፤ በእኔ እይታ ከመጠን በላይ ከባድ ነው። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ «ጡረታ አትወጪም እንዴ?» ካለ በዚያው ቀን ማስታወሻ ይያዙ። ቃሉን እንዳለው ይጻፉት፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረም ጭምር። የሺፍት ሰሌዳው ሲቀየር ከነበረው ጋር ያስቀምጡት። ጥሩ ግምገማ ያገኙባቸውን ወረቀቶች ቅጂ ቤትዎ ያኑሩ። የእንግዳ ወይም የበሽተኛ መረጃ ያለበትን ሰነድ ግን አይንኩ፤ እሱ ራሱ ማባረሪያ ምክንያት ይሆናል።

«የተካኝም ከ40 በላይ ነው» ብሎ መተው

የ62 ዓመት ሰው ተባርሮ የ44 ዓመት ሰው ቢተካ መድልዎ ሊሆን ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ተተኪው ከ40 በታች መሆን እንደማያስፈልገው ወስኗል።

ሕጉ ሁሉንም ይነካል ብሎ ማሰብ

የፌዴራሉ ሕግ የግል ድርጅቶችን የሚመለከተው 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካላቸው ነው። ትንሽ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የሚሠራ ሰው ወደ ግዛቱ ሕግ ማየት አለበት። የዋሽንግተን ዲሲ ሕግ ከ18 ዓመት ጀምሮ ይጠብቃል፤ አቤቱታ ለማቅረብም አንድ ዓመት ይሰጣል። ሌላው ችግር፣ የፌዴራሉ ሕግ የሚጠብቀው ተቀጣሪን እንጂ በራሱ የሚሠራ ኮንትራክተርን አይደለም። ኡበርና ሊፍት ኩባንያዎቹ ደግሞ ሾፌሮቻቸውን ኮንትራክተር ነው የሚሏቸው። ስንቱ ወገናችን እዚህ ሥራ ላይ እንዳለ ሳስብ ይህ ክፍተት ያሳዝነኛል።

ተናዶ መልቀቅ

ሰዓት ሲቀንሱብዎ ጥለው ከወጡ ጉዳዩን ማስረዳት ይከብዳል፤ የሥራ አጥ ድጎማውንም ሊያጡ ይችላሉ። መጀመሪያ ሰው ያማክሩ።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

ልጅዎ ጎበዝ ቢሆንም የሕግ ቃል ሊስተው ይችላል። እርስዎም ልጅዎ ፊት የደረሰብዎትን ውርደት አሳንሰው ይናገራሉ። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለአማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ ኢኢኦሲም አስተርጓሚ ያዘጋጃል። ሲደውሉ መጀመሪያ «አማሪክ» ይበሉና ይጠብቁ።